ከፌርፋክስ እስከ ሊማሊሞ፤ የትንሿ ጂፕ ታሪክ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ የምግብ ቤቶቹ ስም በፊደላችን ተጽፎ ይታያል። የከተማው ምክር ቤት ይህን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው በ2002 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሰፈሩ ወደ ሰሜን ከአንድ ማይል በማይበልጥ ርቀት፣ ፌርፋክስ ከዊልሸር ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ፣ በ1994 የተከፈተው የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም ቆሟል። መሥራቹ ሮበርት ፒተርሰን በ1948 «ሆት ሮድ» የተባለውን መጽሔት ያቋቋመ ሰው ነው፤ ድርጅቱ ኋላ ስለ ባለ ፎር ዊል መኪኖች ብቻ የሚያወራ መጽሔትም ያሳትም ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ የፒኮ ጎዳና አለ። ሆንዳ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ቢሮውን በ1959 የከፈተው በዚሁ በፒኮ ላይ፣ ከሰፈሩ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ማይሎች ርቆ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው እንጀራ የሚበላው በሁለት የመኪና ታሪክ ምዕራፎች መካከል ተቀምጦ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ሰፈር ቡና እየተጠጣ ስለ መኪና የሚወራው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ አሜሪካ መኪና አይደለም። ወሬው ስለ ሀገር ቤት ነው። አንዱ ጡረታ ሲወጣ ይመለሳል፤ ሌላዋ ለወንድሟ ሥራ መጀመሪያ የሚሆን ገንዘብ ትልካለች፤ ሦስተኛው ክፍለ ሀገር ያሉ አባቱ ሆስፒታል የሚመላለሱበት ነገር ይፈልጋል። «ምን ይገዛ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ስም የታወቀ ነው፤ ቪታራ። ከዚያ ራቭ ፎር፣ ቴሪዮስ እያለ ይቀጥላል። ሁሉም አጭር፣ ከፍ ያሉና ጠንካራ የሚባሉ ትንንሽ ጂፖች ናቸው። ለምን እነዚህ ተወደዱ? ከውዴታቸው ጋር አብሮ የሚመጣው፣ በቡናው ወሬ ላይ የማይነሳው ነገርስ ምንድን ነው? ለመመለስ ታሪኩን ከሥሩ ማንሳት ያስፈልጋል። ሥሩ ደግሞ መኪና ሳይሆን በቅሎ ነው።

በቅሎና ዳገት

ኢትዮጵያ ውስጥ ትልቅ ሰው የሚባለው ለረጅም ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ነበር። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ነው፤ ለጉዞ ግን በቅሎ ትመረጣለች። ምክንያቱ የክብር ብቻ አልነበረም። በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ታውቃለች፤ ገደል አፋፍ ላይ አትደነብርም፤ በትንሽ መኖ ትውላለች። የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲአርቃይ መሻገር፣ ሁሉም በእሷ ጀርባ የሚለካ ጉዞ ነበር።

መኪና ወደዚህ አገር ሲመጣ የገጠመው ፈተናም ይኸው ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1907 እና በ1908 መካከል ከጅቡቲ ተነስቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ሲያመጣ፣ መንገድ በሌለበት አገር ጉዞው ወራት ፈጀበት። ንጉሠ ነገሥቱ መኪናዋን ወደዷት፤ የሚነዱበት መንገድ ግን ከቤተ መንግሥቱ ብዙም አይርቅም ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎም ነገሩ ገና አልተፈታም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1941 በኡሜድላ በኩል ከሱዳን ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ የዊንጌት ጦር ስንቅና ጥይት የተጫነው በግመል ነበር። ግመሎቹ ለጎጃም ዳገትና ብርድ የተፈጠሩ አልነበሩምና በሺዎች የሚቆጠሩት መንገድ ላይ አለቁ።

ይህን ችግር ለመፍታት የታሰበው መኪና በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች መውጣት ጀምሮ ነበር።

ጂፕ የተወለደችበት ትእዛዝ

በ1940 ክረምት የአሜሪካ ጦር ለ135 ፋብሪካዎች ጥሪ አስተላለፈ። የተፈለገችው በፈረስ፣ በበቅሎና በሞተር ሳይክል ፋንታ የምታገለግል፣ አራቱም ጎማዎቿ በሞተር የሚሽከረከሩ ትንሽ መኪና ነች። ክብደቷ ከ590 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ፣ የመጀመሪያዋም በ49 ቀን ውስጥ እንድትደርስ ታዘዘ። በቀነ ገደቡ የደረሰው በፔንሲልቫኒያ፣ በትለር ከተማ የነበረው ባንታም የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው፤ መኪናዋን በመስከረም 1940 አስረከበ። ጦሩ ግን ባንታም ብዙ ማምረት አይችልም ብሎ ሥራውን በብዛት ለዊሊስና ለፎርድ ሰጠው። በጦርነቱ ዘመን ሁለቱ ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች አመረቱ። የክብደቱ ትእዛዝ ግን ሊከበር አልቻለም፤ የወጣችው ጂፕ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ትመዝን ነበር።

መለኪያዋን ልብ ይሏል። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ይህ አጭርነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። መኪና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ሲረዝም ጉብታ ላይ ሆዱ ይቀመጣል፤ ሲያጥር ግን ልክ እንደ በቅሎ ወጣ ገባውን እየረገጠ ያልፋል። ከመሬት ከፍ ማለቷ ድንጋይ እንዳይነካት፣ ጠባብነቷ በቀጭን መንገድ እንድታልፍ ነው። ከካምቢዮዋ አጠገብ የተጨመረው ዝቅተኛ ማርሽ ደግሞ ሞተሩን ሳያስጨንቅ ዳገቱን ቀስ ብላ እንድትወጣና ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ተይዛ እንድትወርድ ያደርጋታል።

ከጦርነቱ በኋላ ይህች ቅርጽ በዓለም ተባዛች። የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ላንድሮቨርን በሚያዝያ 1948 አምስተርዳም ላይ ሲያሳይ የጎማዎቿ ርቀት ከጂፗ ጋር አንድ ነበር። ቶዮታ በ1951 የራሱን ሠራ፤ ከ1954 ጀምሮ «ላንድ ክሩዘር» አለው። ሶቪየት ኅብረት ከ1972 መጨረሻ ጀምሮ እኛ «ዋዝ» የምንላትን ኡልያኖቭስክ ከተማ ውስጥ አመረተች።

የመንግሥት መኪና

ኢትዮጵያ ውስጥ የጂፕ ታሪክ የመንግሥት ታሪክ ነው። በ1950 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በማግስቱ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጣሊያን የሠራቸው መንገዶች ተጠገኑ፣ አዳዲሶችም ተቀየሱ። ከአውራ ጎዳናው ወጣ ሲሉ ግን ፒስታ ነው፤ ፒስታው ሲያልቅ የእግር መንገድ ነው። ያንን ክፍተት የሞላችው ላንድሮቨር ናት። ገጠር ለሚኖር ሰው ላንድሮቨር መጣች ማለት ሐኪም፣ ቀያሽ፣ ግብር ሰብሳቢ ወይም ፖሊስ መጣ ማለት ነበር። በደርግ ዘመን ዋዝ ስትተካ የመጣው ሰው ካድሬ ወይም መኮንን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ነጩ ላንድ ክሩዘር የእርዳታ ድርጅትና የባለሥልጣን ምልክት ሆነ። ሞዴሉ ይለዋወጣል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። መንገድ የሌለበት ቦታ የሚደርስ መኪና ያለው አካል፣ እዚያ ያለውን ሰው ማግኘት ይችላል፤ ለማዳንም ለማሰርም።

የሳይንስ ታሪካችንም ለእነዚህ መኪኖች ባለ ዕዳ ነው። በኅዳር 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ከሰፈሩበት ካምፕ በላንድሮቨር ወጥተው ነው፣ ወደ ካምፑ ሲመለሱ የሉሲን፣ የድንቅነሽን አጥንት ማግኘታቸውን ያበሠሩት።

በዚህ ሁሉ ዘመን ተራው ሰው ጂፕ አልነበረውም። ከተማ ውስጥ ፊያት ሴቼንቶና ቮልስዋገን፣ ኋላም ላዳ ይነዳ ነበር። ጂፕ በራሱ ገንዘብ ሊገዛት የሚችል ግለሰብ እንዲመጣ መኪናዋ መርከስና ማነስ ነበረባት። ያንን ያደረገችው ጃፓን ናት።

600 ኪሎ የምትመዝነው

በጃፓን ሕግ አነስተኛ ቀረጥ የሚከፈልባት መኪና ርዝመቷ ከ3 ሜትር፣ ሞተሯ ከ360 ሲሲ መብለጥ አልነበረባትም። ሱዙኪ፣ ሆፕ ከተባለ ትንሽ ኩባንያ ንድፍ ገዝቶ፣ በሚያዝያ 1970 በዚህ ልክ የተሠራች ጂፕ አወጣ፤ ጂምኒ ይላታል። 25 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከ3 ሜትር እንዳትበልጥ ትርፍ ጎማዋ ከኋላ በር ላይ በመሰቀል ፈንታ ወደ ውስጥ ገባ፤ በዚህም የአንድ ሰው መቀመጫ ቀረ። ክብደቷ ወደ 600 ኪሎ ግራም ነው። የአሜሪካ ጦር በ1940 ጠይቆ ያላገኘውን ክብደት ሱዙኪ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አስገኘው።

ክብደት ማነስ ትልቅ ነገር ነው። ጭቃ ላይ ከባድ መኪና ሲሰምጥ ቀላሉ ተንሳፎ ያልፋል፤ ቢያዝም አራት ሰው ገፍቶ ያወጣዋል። ትንሽ ሞተር ይበቃዋል፣ ትንሽ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጎማውና ፍሬኑ ቶሎ አያልቅም። አንድ መካኒክ ከዛፍ ሥር ሆኖ ሊፈታው ይችላል። ለድሃ አገር ከዚህ የተሻለ መኪና ማሰብ ይከብዳል።

ሎስ አንጀለስም ለጂፕ ባዕድ አልነበረችም። ቶዮታ በጥቅምት 1957 ሆሊውድ ውስጥ ሱቅ ሲከፍት ያመጣት የቤት መኪና የካሊፎርኒያን ፈጣን መንገድ አልቻለችም፤ ሞተሯ እየጋለ አቅቷት ኩባንያው በ1960 መጨረሻ ሽያጯን አቆመ። እስከ 1965 ድረስ የቶዮታን ስም በአሜሪካ ያቆየው ላንድ ክሩዘር ነው፤ በ1958 የተሸጠው ግን አንድ ብቻ ነበር። ኒውፖርት ቢች ላይ ደግሞ ብሩስ ሜየርስ በ1964 ከቮልስዋገን ክፍሎች የፋይበርግላስ ቀፎ ያላት የአሸዋ መኪና ሠራ። በ1967 እሱና ጓደኛው በዚያች መኪና ከቲኋና እስከ ላ ፓዝ ያለውን የሜክሲኮ በረሃ ከ35 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አቋረጡ፤ ዝነኛው የባሃ ውድድር የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እዚህ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት የግድ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ኋላ ግን ብዙ ነገር የሚወስነው እሱ ነው።

የ1988 በጋ

ሱዙኪ ትንሿን ጂፕ «ሳሙራይ» ብሎ በኅዳር 1985 ወደ አሜሪካ አስገባ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለችው ብሬያ ከተማ ነበር። ማስታወቂያውን የሠራው የሎስ አንጀለስ ድርጅት ብልህ ነገር አደረገ። መኪናዋ ጂፕ ናት፣ ፒክአፕ ናት ወይም የቤት መኪና ናት ብሎ ከመወሰን ይልቅ፣ ገዥው የፈለገውን እንዲያስባት ክፍት ተዋት። ዋጋዋ ከሰባት ሺህ ዶላር በታች ነበርና ወጣቶች ተሻሙባት። ጣራዋ ይከፈታል፤ ባሕር ዳርቻ ትሄዳለች፤ ከጓደኛ መኪና ትለያለች። አብዛኞቹ ገዥዎች ዝቅተኛውን ማርሽ ነክተውትም አያውቁም።

ተረታችን «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይላል። የሳሙራይም ነገር ይኸው ነው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉ መኪኖች ከቀላል የጭነት መኪና ተመድበው፣ ከቤት መኪና የላላ የደኅንነትና የነዳጅ መለኪያ ነበራቸው። በማስታወቂያ ግን የቤት መኪና እህት ሆና ቀረበች። ሻንሲዋና ባሌስትራዋ የጭነት መኪና ናቸው፤ የሚነዳት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ በፈጣኑ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

በሰኔ 1988 «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» የተባለው የሸማቾች መጽሔት፣ ሳሙራይ ድንገተኛ እንቅፋት ለማለፍ መሪዋ ሲጠመዘዝ በቀላሉ ትገለበጣለች ብሎ «ተቀባይነት የላትም» የሚል ፍርድ ሰጠ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በሙከራው ላይ ሁለት ጎማዋ ከመሬት ሲነሳ አሳዩ። መጽሔቱ መኪኖቹ እንዲሰበሰቡ የፌዴራሉን የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጠየቀ፤ መሥሪያ ቤቱ አልተቀበለውም። ሽያጩ ግን ወደቀ፤ በ1995 ሳሙራይ ከአሜሪካ ገበያ ወጣች።

ሱዙኪ በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሰ። የክሱ ጭብጥ፣ መጽሔቱ በመጀመሪያ ሙከራዎቹ መኪናዋ አልገለበጥ ስትለው መንገዱን ቀይሮ እንድትገለበጥ አደረገ የሚል ነበር። መጽሔቱ በበኩሉ፣ መንገዱን ያስተካከልኩት አሽከርካሪ በእውነት የሚገጥመውን ነገር ለመምሰል ነው አለ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ በ2004 ገንዘብ ሳይከፋፈሉ ታረቁ፤ መጽሔቱ «በቀላሉ» የሚለው ቃል ሰው በተሳሳተ መንገድ ሊረዳው ይችል እንደነበር አመነ፣ የሙከራውን ውጤት ግን አልሻረም። አሜሪካን ሱዙኪም በኅዳር 2012 የኪሳራ አቤቱታ አስገብቶ መኪና መሸጡን ተወ።

ማን እውነት ነበረው? ሙከራው መንገድ ተቀይሮለታል መባሉ ከባድ ነቀፌታ ነው፤ ኩባንያው ያዘነበት ምክንያት ይገባኛል። ዋናውን ጉዳይ ግን ክርክሩ ሸፍኖታል። ከዚያች አንዲት መኪና ባሻገር፣ አጭርና ጠባብ ሆኖ ከፍ ያለ መኪና ሁሉ የሚጋራው ባሕርይ አለ። ከሳሙራይ በፊት የጂፕ ኩባንያዋ ሲጄ-5 በዚሁ ተወቅሳ በ1983 ቆማለች።

ነገሩ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት እኩሌታ፣ የመኪናዋ ክብደት መሐል ከመሬት ላለው ከፍታ ይካፈላል። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት እንደሚለው ውጤቱ ለአብዛኛው የቤት መኪና ከ1.3 እስከ 1.5 ሲሆን፣ ለጂፕና ለፒክአፕ ከ1.0 እስከ 1.3 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናዋን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው የጎን ግፊት ያንሳል። ለዚያም ሆኖ ደረቅ አስፋልት ላይ በመሪ ብቻ የሚገለበጥ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚገለበጠው ከመንገድ ሲወጣ ጎማው በለስላሳ አፈር፣ በጠርዝ ወይም በቦይ ተይዞ ነው። አስፋልቱ አልቆ ልል አፈር የሚጀምርበት ትከሻ፣ ድንገት የሚገባ እንስሳ፣ የደነገጠ አሽከርካሪ። ይህ ሥዕል ለማን አገር እንደሚቀርብ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሌላው ዕዳ

ስለ መገልበጥ ስናወራ መሬቱን እንዳንረሳ። ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ባለው በረሃ፣ ጄኔራል ፓተን በ1942 ታንከኞች ያሠለጠነበት ቦታ የሰንሰለቱ ፈለግ ዛሬም ይታያል። የበረሃ አፈር ላዩ ስስ ቅርፊት ነው፤ አንዴ ከተሰበረ ለመዳን ዘመናት ይወስዳል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 በመንግሥት መሬት ላይ ከመንገድ ወጥቶ የሚነዳበትን ቦታ የሚወስን ትእዛዝ ያወጡት፣ ጨዋታው መሬቱን መብላት ስለጀመረ ነው።

ሆንዳም ከፒኮ ጎዳና በጀመረው ንግዱ ላይ በ1970 ባለ ሦስት ጎማ የሜዳ ሞተር ጨመረ። ለመንዳት የቀለለ ስለሚመስል ሕፃናት ሳይቀሩ ይወጡበት ነበር፤ የሞቱና የአካል ጉዳተኛ የሆኑ ሲበዙ፣ አምራቾቹ በ1988 ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ባለ ሦስት ጎማውን መሸጥ አቆሙ። ልጆቹን ያታለላቸው ትንሽነቱ ነው፤ ከፈጣን ነገር ይልቅ መጫወቻ ይመስላል።

መኪናዋ ተሻገረች

ካሊፎርኒያ በሳሙራይ በምትታመስበት በዚያው በጋ፣ በሐምሌ 1988 ሱዙኪ ጃፓን ውስጥ አዲስ ጂፕ አወጣ። ጃፓን «ኤስኩዶ» አላት፣ አሜሪካ «ሳይድኪክ»፣ እኛ የምናውቃት ግን «ቪታራ» ብለን ነው። ከሳሙራይ የሰፋች፣ ለስለስ ያለ እገዳ ያላት፣ በ1.6 ሊትር ሞተር የምትሄድ መኪና ናት። የሳሙራይን ክስ በእሷ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ግን እንደ እናቷ ሻንሲ አላት፣ ዝቅተኛ ማርሽ አላት፣ ባለ ሁለት በሯ በጣም አጭር ናት፣ ከመሬትም ከፍ ብላለች።

አዲስ አበባ ለምን እንደወደደቻት ግልጽ ነው። ኮረኮንቹን ትችላለች፤ በክረምት ጎርፍ ሲሞላ ሞተሯ ከፍ ያለ ነው፤ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ትዞራለች፤ መለዋወጫዋ የትም አለ፤ የትኛውም ጋራዥ ያውቃታል። ከሁሉም በላይ ዋጋዋ አይወድቅም። ባንክ ያስቀመጡት ብር በግሽበት ሲሟሟ፣ ቪታራ የገዛ ሰው ከዓመታት በኋላ ከገዛበት አትርፎ ይሸጣል። ለዚህ የመንግሥት ፖሊሲም ረድቷል። በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ሁለቱም አገር ውስጥ ቀድሞ የገባውን መኪና ከወርቅ አስተካከሉት። ሠላሳ ዓመት የሆናት ቪታራ መጓጓዣ ብቻ መሆኗ ቀርቶ የቤተሰብ ቅርስ ሆነች።

በዚያው ዘመን ግን መንገዱ ተለወጠ። በ1997 የመንገድ ልማት ፕሮግራሙ ሲጀመር ኢትዮጵያ የነበራት መንገድ ከ27 ሺህ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2014 የአዲስ አበባና አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። በኮረኮንች በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንድትሄድ የተወደደችው መኪና አሁን 100 እና ከዚያ በላይ ትነዳለች። አዳማ አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ነው፤ ያ ነፋስ ከፍ ያለችውን ቀላል መኪና በጎን ይገፋታል። ካሊፎርኒያ በሰማንያዎቹ መጨረሻ የገጠማት ነገር፣ የገጠር መኪና በፈጣን መንገድ ላይ መገኘት፣ እኛ ዘንድ አሁን ደረሰ።

ልዩነቱ፣ ካሊፎርኒያ ነገሩን በአደባባይ ተከራክራበታለች። የመጽሔት ሙከራ፣ ክስ፣ የቴሌቪዥን ሥዕል፣ በመጨረሻም ሕግ ነበር። ከ2001 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ መኪና የመገልበጥ ደረጃ ያወጣል፤ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ መኪና ሲንሸራተት ለእያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ የሚያቃና የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በሁሉም የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ሆነ። አዲስ አበባ ያለችው የድሮዋ ቪታራ ይህ የላትም። መኪናዋ ውቅያኖስ ተሻግራለች፤ ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ የተደረገው ክርክር ግን በእንግሊዝኛ እዚያው ቀረ።

በላዩ ላይ የእኛው ልማድ ይጨመርበታል። ፖርቶ መጋላው ላይ ጤፍ ይጫናል፣ ፍራሽ ይታሰራል፤ የክብደቷ መሐል ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ የተጻፈው ቁጥር ይወርዳል። ከኋላ አራትና አምስት ሰው ይታጨቃል፤ ቀበቶ ያለው የፊተኛው ብቻ ነው፣ እሱም ፖሊስ ሲያይ ነው የሚታሰረው። መኪና ስትገለበጥ ሰው በብዛት የሚሞተው ተወርውሮ ሲወጣ ነው፤ ቀበቶ ከዚያ ያድናል። ብዙ አሽከርካሪ ደግሞ ፎር ዊል መኪናዋን መንገድ ላይ የሚያጣብቃት ይመስለዋል። ፎር ዊል የተያዘች መኪናን ያስወጣል፣ ዳገት ያስወጣል፤ ለማቆም ግን ምንም አይጨምርም። ያረጀ ጎማ ያላት ጂፕ እርጥብ አስፋልት ላይ ከማንኛዋም መኪና እኩል ትንሸራተታለች፣ ስትገለበጥ ግን ትቀድማለች።

ለማን፣ ለየት መንገድ?

ይህን የጻፍኩት ትንሿን ጂፕ ለመኮነን አይደለም። ከወረዳ ከተማ ወጥቶ ሁለት ሰዓት በፒስታ ለሚሄድ የጤና ባለሙያ፣ እናት ምጥ ይዟት ወንዝ ለሚያሻግር ቤተሰብ፣ ከእሷ የሚሻል የለም። የሚገቡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ለአስፋልት የተሠሩ ናቸው፤ ሆዳቸው ዝቅ ይላል፣ ባትሪያቸው የሚሞላበት ቦታም ከከተማ ርቆ አይገኝም። የነዳጅ መኪና እገዳው ለዋና ከተማው ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ለደባርቅና ለአዲአርቃይ ግን ጥያቄውን አልመለሰም። አሮጌዋ ቪታራ ገና ብዙ ዓመት ትነዳለች ማለት ነው።

ስለዚህ ፌርፋክስ ላይ ያለው ወሬ ከ«ምን ይገዛ?» አንድ እርምጃ አልፎ «የት ይነዳ?» ወደሚለው ቢሄድ እወዳለሁ። ወንድምየው ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ተመላልሶ ቅዳሜ አዳማ የሚወርድ ከሆነ፣ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ትሻለዋለች፣ ጎረቤት ባያደንቃትም። አባትየው ከገጠር ሆስፒታል የሚመላለሱ ከሆነ ግን ጂፗ ትገዛ፤ ረዘም ያለችው ባለ አራት በር ትሁን። ከመኪናው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ለአራት አዲስ ጎማና ለኋላ ወንበር ቀበቶ የሚሆን ይላክ። ፖርቶ መጋላው ይፈታ።

የጥንቱ ነጋዴ በቅሎ ሲጭን ጭነቱን ግራና ቀኝ እኩል አድርጎ፣ ወገቡን አጥብቆ፣ ኮቴዋን አይቶ ነበር የሚነሳው። ጭነት ከላይ ከበዛ ቁልቁለት ላይ እንደሚያጋድል ለማወቅ ፍርድ ቤትም መጽሔትም አላስፈለገውም፤ አይቶታል። እኛ ጂፕ ስንገዛ ቀለሟንና የሊብሬዋን ዓመት እናያለን። ቀጥሎ ገንዘብ ከመላኩ በፊት አንድ ስልክ ይደወልና የጎማዎቹ ሁኔታ ይጠየቅ።